ከስኳርና ከደም ግፊት ጋር የሚኖርን ሰው ለጥናት እንዴት ማነጋገር ይቻላል?

አንድ ታካሚ ቀጠሮ ሲቀር በካርዱ ላይ የሚሰፍረው ቢበዛ አንድ ቃል ነው፦ «አልመጣም»። ከደንቢያ የምትመላለስ እናት የቀረችው የመሳፈሪያ ገንዘብ አጥታ ይሁን፣ ጠበል ገብታ ይሁን፣ ወይስ አዝመራው ደርሶ ሰው አጥታ፣ ካርዱ አይናገርም። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው ስቴፕስ የተባለው ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ መድኃኒቱን ለምን እንደሚያቋርጡ ቁጥሩ አይመልስም። ያንን ለመመለስ ኳሊቴቲቭ የሚባለው ዓይነታዊ ምርምር፣ በተለይም ጥልቅ ቃለ መጠይቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የቀረበው በጎንደር ከተማና በዙሪያዋ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው የሚሆን መመሪያ ነው።

ጥያቄን ማጥበብ፣ ፈቃድ ማግኘት

«የስኳር ሕሙማን ችግሮች» ጥያቄ አይደለም። «ከገጠር የሚመጡ ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች መድኃኒቱን ቤታቸው እንዴት ያቆያሉ?» ግን ጥያቄ ነው። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ አለው፤ ጥናቱ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ማመልከቻውን ቀደም ብሎ ማስገባት ይገባል። የፈቃዱ ደብዳቤ በሆስፒታሉ ብቻ አይቆምም፤ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤትና ወደ ቀበሌም መውረድ አለበት። ቀበሌው ሳያውቅ ቤት ለቤት የሚዞር እንግዳ ሰውን ያስፈራል፣ ያነጋገሩትንም ሰዎች ለጥያቄ ይዳርጋል።

ስለ ስምምነት ቅጽ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። ብዙ አረጋውያን ወረቀት ላይ መፈረምን ወይም ጣት ማሳረፍን ከመሬትና ከግብር ጋር ያያይዙታል። ስለዚህ ቅጹ ጮክ ተብሎ በቀላል አማርኛ ይነበብ፤ ገምጋሚው ከፈቀደም ስምምነቱ በቃልና በምስክር ፊት ይሁን። «አልፈልግም» ቢሉ ሕክምናቸው እንደማይጓደል አንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ መንገር ያስፈልጋል።

ማንን ማነጋገር

እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ በሰፊው የሚጠቀስ ጥናት ከ60 ቃለ መጠይቆች ውስጥ ዋና ዋናዎቹ ሐሳቦች በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ መታየታቸውን አሳይቷል። ብዙ ተማሪ ይህን ይዞ 12 ሰው አነጋግሮ ያቆማል። ተሳታፊዎቹ ተመሳሳይ ኑሮ ካላቸው ሊበቃ ይችላል፤ የማራኪ ሰፈር ጡረተኛንና የወገራን ገበሬ በአንድ ጥናት ለሚያካትት ግን አይበቃም።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚከብደው የማይታዩትን ሰዎች ማግኘት ነው። ክሊኒክ የምናገኛቸው መምጣት የቻሉትን ብቻ ነው። ክትትሉን ያቋረጡትን የሚያውቋቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ በእነርሱ በኩል ቢያንስ የተወሰኑትን መፈለግ ግድ ነው። ቀጫጭን ወጣት ገበሬዎችንም አለመርሳት ነው። በጎንደር ዙሪያ ገጠር ከድህነትና ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዝ የስኳር በሽታ ከታወቀ ቆይቷል፤ የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም ይህን መሰሉን በሽታ እ.ኤ.አ. በ2025 አምስተኛው ዓይነት ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ስኳርን የሀብታም በሽታ አድርጎ በሚያይ መንደር ውስጥ የሚኖር ድሃ ወጣት ስለ ሕመሙ የሚናገረው ከከተማው ነጋዴ ፈጽሞ የተለየ ነው።

ቦታና ሰዓት

በክትትል ቀን ጠዋት ተራ የሚጠብቁ ብዙዎቹ የስኳር ሕሙማን ለደም ምርመራ ሲሉ እህል ሳይቀምሱ የመጡ ናቸው። በዚያ ሰዓት ለቃለ መጠይቅ መያዝ ተገቢ አይደለም፤ አደጋም አለው። ላብ ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ ወይም ንግግራቸው ከተዘበራረቀ ስኳራቸው ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ጥያቄው ወዲያው ቆሞ ነርስ መጠራት አለበት። ምርመራው አልቆ ምግብ ከቀመሱ በኋላ ደግሞ የገጠሩ ሰው መኪና እንዳያመልጠው ይቸኩላል። ስለዚህ ክሊኒኩ ለመተዋወቅና ቀጠሮ ለመያዝ ይሁን፤ ጥያቄው ግን ቤታቸው ይካሄድ። በገበያ ቀንና በወር በዓላት መቅጠር ከንቱ ነው፤ ጥር 11 ሲቃረብም ጎንደር ውስጥ ማንም ለጥናት ጊዜ የለውም። ከከተማ ውጭ ለመውጣት ሲታሰብ የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ነጭ ጋዋን አይለበስም።

ጥያቄው ራሱ

የሥራው ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው። «ጤናዎ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ የጎንደር ሰው «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ሌሊቱን በእግር ማቃጠል ሳይተኛ ያደረም ቢሆን እንዲሁ ይላል። ምስጋናው ከልብ ነው፤ እንግዳን በሕመም ወሬ አለማስጨነቅም ጨዋነት ነው። «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» የሚለውም ከ«አዎ» በቀር ሌላ መልስ አይወልድም፤ ተሳታፊው እኛን የሆስፒታሉ ሰዎች አድርጎ ስለሚያየን እንደሚፈተን ይሰማዋልና። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ከቃለ መጠይቁ የጥያቄ ዝርዝር ማውጣት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።

በምትካቸው የሚሠራው አንድ የተወሰነ ቀንን መጠየቅ ነው። «እማማ፣ ትናንት ከእንቅልፍዎ ከነቁ ጀምሮ እስኪተኙ ድረስ የዋሉትን ይንገሩኝ።» ይህ ጥያቄ ማንንም አይከስም። ቀኑ ሲተረክ ክኒኑ በራሱ ቦታ ይገባል ወይም ይቀራል። ዕለቱ የጾም ከሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ መዋላቸው፣ «መድኃኒቱ ያለ ምግብ ያቃጥለኛል» ብለው ማሳደራቸው ወይም ጾም እንዳይፈርስ ፈርተው መተዋቸው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ብቻ «እንደዚያ ሲሆን ምን ያደርጋሉ?» ብሎ መከተል ይቻላል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ረመዳን አንድ ወር ነው፤ በጾም ወራት የተሰበሰበ ቃለ መጠይቅና በፍስክ የተሰበሰበው ስለማይመሳሰሉ ጥናቱ ሁለቱንም ወቅቶች ቢነካ ይመረጣል።

ሁለተኛው ዘዴ «ያሳዩኝ» ማለት ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ግን ብዙ ነው። «እንዴት ያስቀምጡታል?» ቢባሉ «በደንብ አድርጌ» ይላሉ። «ቢያሳዩኝስ?» ሲባሉ ግን ተነሥተው ከጓዳው ጥግ፣ ብርሃን ከማይደርስበት፣ አፉ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሸክላ ማሰሮ ያወጣሉ፤ ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለችውን ጠርሙስ እየፈቱ ጨርቁ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚርስ፣ ልጆች እንዳይነኩት የት እንደሚደበቅ፣ ሰው ሲመጣ ለምን ወደ ጓዳ እንደሚገባ ያወሩ ጀመር። ከአንዲት ማሰሮ ስለ ድህነት፣ ስለ ብልሃትና ስለ ሐፍረት አብሮ ይሰማል።

ስለ ጠበል መጠየቅ ጥንቃቄ ይሻል። ታካሚው ሐኪሙ እንዳይቆጣው ጠበል መሄዱን ይደብቃል፤ ከጠበል ቦታም መድኃኒት መያዙን የሚደብቅ አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በፓትርያርክነታቸው ዘመን የኤችአይቪ መድኃኒትን ከጠበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ይታወሳል፤ ሆኖም በየቦታው ያለው ልማድ አንድ ዓይነት አይደለም። «አንዳንድ ሰዎች ጠበል ሲገቡ መድኃኒቱን ይዘው ይሄዳሉ፣ አንዳንዶች ደግሞ ያቆዩታል ይባላል፤ በዚህ አካባቢ እንዴት ነው?» ብሎ ከሌላው ሰው መጀመር ለተናጋሪው መንገድ ይከፍትለታል። እምነቱን የሚፈትን ፊት ማሳየት ግን ወሬውን እዚያው ይዘጋዋል።

ዝምታንም መቻል ያስፈልጋል። ሰው ሲያስብ ቆም ይላል፤ ልምድ የሌለው ጠያቂ ያንን ክፍተት በሌላ ጥያቄ ይሞላዋል። ስኒው እስኪቀዳ ዝም ብሎ መጠበቅ ብዙ ጊዜ የቀኑን ዋና ነገር ያመጣል። ልጅ ወይም ባል ከጎን ተቀምጦ ስለ እርሳቸው የሚመልስ ከሆነ ቡና እስኪጠጣ የጋራ ጨዋታ ይሁን፤ ከዚያ በጨዋነት ለብቻ ለመነጋገር ይጠየቅ።

ምክር አለመስጠትም ከባዱ ዲሲፕሊን ነው። ጠያቂው «ጨው ይቀንሱ» ያለ እንደሆነ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የሚፈልገውን መልስ ብቻ ነው፤ ጥያቄ ካላቸው ቃለ መጠይቁ ካለቀ በኋላ ይመለስ። አንድ ብቻ ልዩ ሁኔታ አለ፦ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው መርፌውን ጨርሶ ማቆሙን ከተናገረ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው፤ ፈቃዱን ጠይቆ በዚያው ቀን ከጤና ባለሙያ ጋር ማገናኘት ከጥናቱ ይቀድማል። ይህን የሚረከብ ነርስ ከጅምሩ ተለይቶ ይታወቅ።

ቀረጻ፣ ጽሑፍና ትንተና

ስልክም መቅረጸ ድምፅም ያገለግላል፤ ስልክ ከሆነ ጥሪ እንዳይገባ የበረራ ሁኔታ ላይ ይደረግ። በክረምት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ዝናብ ከጀመረ ቅጂው አይሰማም፤ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ በሐምሌና በነሐሴ ባይያዝ ይሻላል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፤ ለሌላ ሰው ከፍሎ ማስጻፍን አልመክርም፤ ትንተናው የሚጀምረው ጆሮ ላይ ነውና። ጽሑፉ በአማርኛ ይቆይ፣ ኮድም፣ ማለትም ለየሐሳቡ የሚሰጠው አጭር መለያ፣ በአማርኛው ላይ ይሰጥ፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመለሰው ለጥቅስ የተመረጠው ብቻ ይሁን። ኦፕንኮድ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ለዚህ ይበቃል፤ ውድ ሶፍትዌር ኮድን ያደራጃል እንጂ አያስብም።

ሪፖርት ሲጻፍ ስም ማውጣት ብቻውን ሰውን አይሰውርም። «የ52 ዓመት ሴት፣ የቄስ ሚስት፣ እግሯ የተቆረጠ» ተብሎ ከቀበሌው ስም ጋር የተጻፈ ጥቅስ ጎረቤቶች በአንድ ንባብ ያውቁታል። እኔ ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል፣ ቦታን «ከተማ» ወይም «ገጠር» በማለት፣ ሥራን ደግሞ ለሐሳቡ ካላስፈለገ በመተው እጽፋለሁ። ውጤቱ ለክሊኒኩ ሠራተኞች በቃል ሲቀርብም ያው ጥንቃቄ ይጠበቅ፤ ነርሶቹ ታካሚዎቻቸውን በአነጋገራቸው ስለሚለዩ፣ በዚያ መድረክ ላይ ጥቅሱን እንዳለ ከማንበብ ሐሳቡን በራስ ቃል ማቅረብ ይሻላል።