ከ1752 በፊት የተጻፈ የእንግሊዝ ሰበካ መዝገብ ስታነቡ ወሩን ቀድማችሁ እዩ

በእንግሊዝ ገጠር ሰበካዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ የዘር ሐረግ ለምትፈልጉ ሁሉ። ባልና ሚስት ሜይ 1720 ተጋቡ፣ ልጃቸው ደግሞ ፌብሩዋሪ 1720 ተጠመቀ የሚል አገኛችሁ እንበል። ልጁ ከሠርጉ በፊት የተወለደ ይመስላል፤ ወይም «እነዚህ ሌላ ቤተሰብ ናቸው» ብላችሁ ታልፏቸዋላችሁ። እንዳታልፏቸው! ጥምቀቱ ከሠርጉ ዘጠኝ ወር በኋላ ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ያኔ ዓመቱ የሚለወጠው ማርች 25፣ በብሥራት በዓል ነበር። ጃንዋሪ 1 የዓመት መጀመሪያ የሆነው ከ1752 ጀምሮ ነው። መስከረም ላይ ዓመት ለምንቀይር ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ስለዚህ ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለ ቀን ሲያጋጥማችሁ በማስታወሻችሁ ላይ ሁለቱንም ዓመት ጻፉ፦ ፌብሩዋሪ 1720/21። አንዳንድ ጸሐፊዎች ራሳቸውም እንዲህ ይጽፉ ነበር።

ሌላም አለ። ወሩ በ7 ቁጥርና በአጭር ቅጥያ (7ber ተብሎ) ከተጻፈ ሴፕቴምበር ነው፣ ጁላይ አይደለም። በላቲን ስሙ የመጣው ከሰባት ቁጥር ነውና።

ሁለቱንም ዓመት የመጻፉን ደንብ ስኮትላንድ ላይ አትጠቀሙበት፤ እነሱ ጃንዋሪ 1ን የተቀበሉት በ1600 ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማውጫዎችም አንዳንዴ ዓመቱን አስቀድመው አስተካክለውታል። እናንተ ደግማችሁ ብታስተካክሉት አንድ ዓመት ትስታላችሁ፤ የመዝገቡን ፎቶ ራሱን ከፍታችሁ ከላይና ከታች ያሉትን ቀኖች እዩ።