ገደልን ለማንበብ፦ መጀመሪያ የቱ ቀደመ?

መንገድ ሲሠራ ተቆርጦ የቀረ የተራራ ግድግዳ ወይም ወንዝ የሸረሸረው ገደል ስታገኙ የድንጋዩን ስም ለማወቅ አትቸኩሉ። ስሙ ይደርሳል። መጀመሪያ ጠይቁ፦ የቱ ቀድሞ መጣ? በዚህ ጥያቄ ብቻ፣ ያለ ምንም መሣሪያ፣ የቦታውን ታሪክ በቅደም ተከተል ማውጣት ይቻላል።

ራቅ ብላችሁ ቁሙ። ከሥሩ ድንጋይ ሊወርድባችሁ ይችላል፣ አጠቃላይ አቀማመጡም ከሩቅ ነው የሚታየው። አሸዋና ጭቃ ውኃ ውስጥ ሲዘቅጥ አግድም ይነጠፋል፤ የታችኛው ሳይኖር የላይኛው የሚያርፍበት የለም፣ ስለዚህ የታችኛው ንጣፍ በዕድሜ ይበልጣል። ይህን የዴንማርኩ ሳይንቲስት ኒኮላስ ስቴኖ በ1669 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፣ ዛሬም የሚጀመረው ከዚያ ነው። ንጣፉ አዘምሞ ወይም ታጥፎ ካያችሁት ያጠፈው ኃይል የመጣው ከተነጠፈ በኋላ ነው።

ግን ተጠንቀቁ፣ አንዳንዴ ንጣፉ ጭራሽ ይገለበጣል። ያኔ ጠጋ ብላችሁ የአንዱን ንጣፍ ቅንጣቶች እዩ። ከጎርፍ ወይም ከደራሽ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከባዱ ጠጠር ቀድሞ ይወርዳል፣ ደቃቁ ከላይ ይቀራል። ሻካራው ከላይ፣ ልሙ ከታች ከሆነ መገልበጡን ጠርጥሩ።

ቀጥሎ ቆራጩን ፈልጉ። ንጣፎቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጥቁር ዓለት ካለ፣ ቅልጥ ዓለት በስንጥቅ ገብቶ ረግቶ ሊሆን ይችላል። ቆራጩ ሁሌም ከተቆረጠው በኋላ የመጣ ነው። በሁለት ንጣፎች መካከል ተኝቶ የሚገኘው ግን ያታልላል፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ላቫ ይመስላል። ዳሩን አይታችሁ ትለዩታላችሁ፦ የፈሰሰ ላቫ የሚጠብሰው ከሥሩ ያለውን ብቻ ሲሆን፣ ሰርጎ የገባው ግን ከላይም ከታችም ያለውን ድንጋይ ያጠነክራል ወይም ቀለሙን ይለውጣል።

እኔ ከሁሉም የምወደው ያልተመዘገበውን ጊዜ ማግኘት ነው። በስኮትላንድ ሲካር ፖይንት በሚባል የባሕር ዳርቻ ቀጥ ብለው የቆሙ ንጣፎች አሉ፣ በላያቸው ደግሞ ትንሽ ብቻ ያዘመመ ቀይ አሸዋማ ድንጋይ ተነጥፏል። ስኮትላንዳዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ጄምስ ሃተን በ1788 እ.ኤ.አ. ሲያየው የገባው ነገር ይህ ነው፦ የታችኞቹ ተነጠፉ፣ ደነደኑ፣ ተገፍተው ቆሙ፣ አናታቸው ተሸረሸረ፣ ከዚያ በኋላ ነው ቀዩ የመጣው። በሁለቱ መካከል በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ዓመታት አሉ፣ እዚያ የምታዩት ግን አንድ መስመር ነው! እናንተም የንጣፎች አቅጣጫ በድንገት የሚለወጥበትን መስመር ፈልጉ። ከበላዩ ከታችኛው ዓለት የተሰበረ ጠጠር ካገኛችሁ፣ የታችኛው ተሸርሽሮ እንደነበር ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከዚያ ገደሉን ወረቀት ላይ ንደፉና ከመጀመሪያው ክስተት ጀምራችሁ ቁጥር ስጡ። መሸርሸሩም መታጠፉም የየራሳቸው ቁጥር ይኑራቸው። ቅደም ተከተሉ አልገጥም ካለ ወደ ገደሉ ተመልሳችሁ የዓለቶቹን መገናኛ እንደገና እዩ።