«ምንም የለብዎትም» እና ሌሎች ስህተቶች፦ በበሽታ ስጋት ለሚጨነቁና ለሚያክሟቸው

ወደ ምርመራ ክፍሌ የሚገቡ አንዳንድ ታካሚዎች ገና ሳይቀመጡ የደም፣ የራጅና የአልትራሳውንድ ውጤት የታጨቀበት ወፍራም ማኅደር ጠረጴዛው ላይ ያኖራሉ። ውጤቱ ሁሉ ደህና ነው፤ ሰውየው ግን ደህና አይደለም። በአእምሮ ሕክምና ስሠራ ከታካሚዎች፣ ከቤተሰብና ከሙያ ባልደረቦቼ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከዚህ ማኅደር ነው።

ከሁሉም የሚያናድደኝ «ምንም የለብዎትም» የሚለው አነጋገር ነው፤ የሚያናድደኝም በጀማሪነቴ እኔው ራሴ አብዝቼ እለው ስለነበር ነው። ደረቷን የሚያፍናት፣ ጣቶቿም የሚደነዝዙባት አንዲት ሴት የልብ ምርመራ ውጤቷን አሳይቼ «ልብዎ ጤነኛ ነው፤ ምንም የለብዎትም» ብዬ ስሸኛት፣ በሩ ላይ ዞር ብላ «ታዲያ እየዋሸሁ ነው?» አለችኝ። የምመልሰው አጣሁ። መልሱ ግን ነበረ፤ ሰው ሲሰጋ ሳይታወቀው ቶሎ ቶሎና በኃይል ይተነፍሳል፣ በዚህም ጊዜ በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚቀንስ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ደረት ይጨንቃል። ይህ በሰውነት ላይ በእርግጥ የሚደርስ ለውጥ እንጂ ሐሳብ የወለደው ተረት አይደለም። ዛሬ የልብም የሳንባም ችግር እንደሌለ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከታካሚው ጋር አብረን ለአንድ ደቂቃ ያህል ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን፤ ጣቱ መደንዘዝ ሲጀምር ፊቱ ላይ የማየው ግርምት ከማኅደሩ ሙሉ ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

ሌላው ስህተት በሰውነት ምልክት ከልክ በላይ የመጨነቅን ችግር «በምርመራ ምንም ያልተገኘለት ሕመም» ብሎ መተርጎም ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያው ይህን አተረጓጎም ትቶታል። አሁን የሚመዘነው የምልክቱ መንስኤ መታወቁ ወይም አለመታወቁ ሳይሆን፣ ሰውየው ስለ ምልክቱ የሚያስበው፣ የሚፈራውና የሚያጠፋው ጊዜ ከልክ ማለፉ፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት ወር በላይ መዝለቁ ነው። ስለዚህ የልብ ሕመም ያለበት ወይም ከካንሰር የዳነ ሰውም ችግሩ ሊኖርበት ይችላል። ምልክቱ እምብዛም ሳይኖር ከባድ በሽታ ይዞኛል የሚለው ፍርሃት ብቻ ሲያይል ደግሞ የበሽታ ስጋት ተብሎ ለብቻው ይመደባል። ሁለቱም ከማስመሰል ጋር አንዳች ግንኙነት የላቸውም።

«ለማንኛውም አንድ ምርመራ እንጨምር፣ ልቡ ይረፍ» የሚሉ ባልደረቦቼ ደግነታቸው ይገባኛል፤ ልቡ ግን አያርፍም። ንጹሕ ውጤት የሚሰጠው እፎይታ ቢበዛ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፣ ከዚያ «ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ይከተላል። ከዚህም የከፋ ነገር አለ፤ የሚፈልግ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ አንድ ጥናት የጀርባ ሕመም የሌለባቸውን 98 ሰዎች በኤምአርአይ ሲያነሣ፣ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ቢያንስ አንድ ወጣ ያለ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለ ትራስ) አግኝቷል። ይህን ወረቀት አስቀድሞ ለሚሰጋ ሰው መስጠት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ቤት ውስጥም ነገሩ ያው ነው፤ በቀን አሥር ጊዜ «ዓይኔን እይልኝ፣ ቢጫ ሆኗል?» የምትል ሚስቱን አሥር ጊዜ «አልሆነም» የሚል ባል በፍቅር ያደርገዋል፣ ነገር ግን አሥራ አንደኛውን ጥያቄ ያዘጋጃል።

ሰውነትን መዳበስም ከዚሁ ይቆጠራል። አንድ ወጣት የአንገቱን ንፍፊት በነካ ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት እንዲያደርግ ጠይቄው በሳምንቱ ሲመለስ የወረቀቱ ሁለት ገጽ ሞልቶ ነበር፤ የሚያሳምመውና የሚያሳብጠው የራሱ ጣት መሆኑን ያመነው ያን ወረቀት አይቶ እንጂ እኔ ስለነገርኩት አይደለም። በእኩለ ሌሊት የበሽታ ምልክቶችን በስልክ ስለማሰስ ብዙ አልልም፤ ይቅር።

ሐኪም ቤት የሚያዘወትሩትን ብቻ ማየት ሌላ ስህተት ነው። የበሽታ ስጋት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ክፉ ወሬ ላለመስማት ሲሉ ከምርመራ ይሸሻሉ፣ የደም ግፊታቸውን እንኳ አያስለኩም፤ ማኅደር ስለሌላቸው ማንም አይጠረጥራቸውም።

በመጨረሻ የማነሣው የእኛ የሐኪሞች ስህተት ነው፤ አንድ ጊዜ «ጭንቀት ነው» ከተባለ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በዚያ ስም መዝጋት። የሚጨነቅ ሰውም ትርፍ አንጀቱ ይቆጣል። አዲስ ምልክት፣ ያለ ምክንያት የሚቀንስ ክብደት፣ በዓይን የሚታይ ደም ሁልጊዜም በእጅ መመርመር አለባቸው። ለዚህ የሚበጀው ታካሚው አንድ ሐኪም ይዞ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ በቋሚ ቀጠሮ እንዲታይ ማድረግ ነው፤ ጎን ለጎንም የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና ይሰጠዋል፣ ካስፈለገም ለድባቴና ለጭንቀት የሚታዘዘው መድኃኒት ይጨመራል። ታካሚው ሲሻለው ቀጠሮውን የሚሰርዙ ሐኪሞች አሉ፤ ያን ሰው ወደ ክፍላቸው የሚያስገባው መንገድ መታመም ብቻ ሆኖ ይቀራል።