ዲስኩን የገደለው ጥገናው ነው

ከከሚሴ እስከ ወልዲያ ሰርቨር ሲበላሽ የሚደወልልን ሰዎች ስንገናኝ ወሬያችን አንድ ነው። ብልሽቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። አንድ ዲስክ ሞቷል፣ ቦታ ሞልቷል፣ ወይም መብራት ሄዶ ሲመጣ አንድ ማሽን (ሆስት በሚባለው ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር የሚሠራ ኮምፒውተር) አልነሳም ብሏል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ነው። ኃላፊው በር ላይ ቆሞ «መቼ ነው የሚሠራው?» ይላል፤ የሚጠግነው ልጅ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጫናል። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚያች ግማሽ ሰዓት የመጡ ናቸው።

ስናፕሾትን ባክአፕ ማለት

ይህን ሳነሳ ድምፄ ከፍ ይላል፣ ቻሉኝ። ስናፕሾት ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ሁኔታ ይይዛል እንጂ ቅጂ አይደለም። ስናፕሾት ስትወስዱ ዋናው የዲስክ ፋይል ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጻፈው ሁሉ ወደ ሌላ ፋይል ይሄዳል። ማሽኑ ለመሥራት ሁለቱንም ይፈልጋል። ዋናው ፋይል ከጠፋ ስናፕሾቱ ብቻውን ከንቱ ነው። ሁለቱም ደግሞ የተቀመጡት እዚያው አንድ ዳታስቶር (የማሽኖቹ ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ) ላይ ነው። ታዲያ ባክአፑ የታለ?

ሁለተኛው ፋይል ሲጀምር ትንሽ ነው፤ ትንሽ ሆኖ ግን አይቀርም። ዳታቤዝ ያለበት ማሽን ከሆነ ዋናውን ዲስክ እስኪያክል ድረስ ሊያብጥ ይችላል። እነዚህን ማሽኖች የሚያስነሳው ሶፍትዌር፣ ቪኤምዌር፣ ራሱ አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ አታቆዩ ይላል። በሰንሰለት እስከ 32 ቢፈቅድም ከ2 ወይም ከ3 ባታልፉ ይሻላል ብሎ ይመክራል። እኔ ግን «ከአፕዴት በፊት» የሚል ስም ይዞ ዓመት ያለፈው ስናፕሾት አጋጥሞኛል። አፕዴቱን የሠራው ልጅ ሥራ ለቆ ሄዷል፤ ስናፕሾቱ አለ።

አንድ ቀን ዳታስቶሩ ይሞላል፣ ማሽኑም ቀጥ ይላል። ጥፋቱ የሚሠራው አሁን ነው። አንድ ሰው የፋይሎቹን ዝርዝር ይከፍትና ስሙ ውስጥ «ዴልታ» ወይም «000001» የሚል ትልቅ ፋይል ያያል። «ይሄማ ትርፍ ነው» ብሎ ያጠፋዋል። ያ ፋይል ስናፕሾቱ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ የተሠራው ሥራ በሙሉ ነው! አንድ መሥሪያ ቤት የወራት ሂሳቡን እንዲህ አጥቶ ከወረቀት ደረሰኝ እንደገና ሲያስገባ አይቻለሁ።

ዳታስቶር ሲሞላ መጀመሪያ ጉዳት የሌለው ቦታ አስለቅቁ። የተረሱ የአይኤስኦ ፋይሎች (የሶፍትዌር መጫኛ ዲስክ ቅጂዎች) ካሉ አጥፉ። ቪኤምዌር ላይ ደግሞ የማያስቸኩል አንድ ማሽን በሥርዓቱ ሻት ዳውን አድርጉ። የበራ ማሽን ሁሉ፣ ራሙ ሪዘርቭ ካልተደረገለት (አስቀድሞ ካልተያዘለት)፣ በራሙ ልክ የስዋፕ ፋይል (ራም ሲያጥር የሚተካ ፋይል) ይይዛል። ባለ 16 ጊጋው ማሽን ሲጠፋ 16 ጊጋ ይለቃል። ከዚያ ስናፕሾቱን ከስናፕሾት ማኔጀር ገብታችሁ «ዲሊት» በሉት። ስሙ ያስፈራል እንጂ ሥራው ለውጡን ወደ ዋናው ዲስክ ማዋሃድ ነው። የሚያስፈራው «ሪቨርት» ነው፤ ማሽኑን ወደ ድሮው ቀን የሚመልሰው እሱ ነውና አትንኩት። ማዋሃዱ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላል። 99 ከመቶ ላይ የቆመ ይመስላል። አብሽሩ፣ አልቆመም። ከአቦል እስከ በረካ ጠጥታችሁ ስትመለሱም እዚያው ላይ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሪስታርት እንዳታደርጉት ብቻ።

የሌለ ቦታ ማደል

ዲስክ ሲፈጠር «ቲን» የሚለውን (ቦታው ሲጻፍበት ብቻ የሚያዝበትን) መምረጥ ክፉ ነገር አይደለም። 2 ቴራባይት ዳታስቶር ላይ ለአሥር ማሽን 500 ጊጋ 500 ጊጋ ቃል ገብቶ መርሳት ግን ሁሉም አባል በአንድ ቀን ዕጣ ይውጣልኝ እንደሚልበት ዕቁብ ነው። 80 ከመቶ ሲደርስ ኢሜይል ወይም ቴሌግራም ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲመጣ አድርጉ። የሚመጣውም ሥራ ላይ ያለ ሰው ጋ ይሁን።

ጤነኛውን ዲስክ መንቀል

ሬይድ 5 (ዲስኮችን አቀናጅቶ የአንዱን መሞት የሚችል አሠራር) ላይ አንድ ዲስክ ሲሞት ሰርቨሩ ሥራውን ይቀጥላል። የሚገድለው ሁለተኛውን፣ ጤነኛውን ዲስክ የሚነቅል እጅ ነው። ሎጉ (የሰርቨሩ የክንውን መዝገብ) «ዲስክ 3» ካለ ሦስተኛው ነው ብላችሁ አትንቀሉ። ዴል ከ0 ይቆጥራል፣ ስለዚህ ዲስክ 3 አራተኛው ነው። ኤችፒ ከ1 ይቆጥራል። ከኮንትሮለሩ (ዲስኮቹን ከሚመራው የሬይድ ካርድ) ላይ የዲስኩን መብራት ብልጭ የሚያደርግ ትእዛዝ አለ። እሱን ተጠቀሙና ብልጭ የሚለውን ብቻ ንቀሉ።

ከዚህ የባሰው መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁለት ሦስት ዲስክ በአንድ ጊዜ «የሉም» ሲባል ነው። ዲስኮች በአንድ ሌሊት ተማክረው አይሞቱም። ኬብሉን፣ ፓወር ሰፕላዩንና ዲስኮቹ የሚሰኩበትን ቦርድ ጠርጥሩ። ዴል ላይ ዲስኮቹ ተመልሰው ሲታዩ «ፎሪን» (ባዕድ) ይባሉና ሁለት ምርጫ ይመጣል፦ ኢምፖርት እና ክሊር። ልጆቹ «ክሊር» ማለት ስህተቱን ማጽዳት ይመስላቸዋል። የሚያጸዳው ግን ዲስኮቹ በየትኛው ሬይድ ውስጥ እንደነበሩ የሚናገረውን መረጃ ነው። «ኢኒሺያላይዝ» የሚለውንም እንዲሁ በሩቁ።

ዲስክን በግድ ኦንላይን ማድረግም የራሱ አደጋ አለው። ሁለት ዲስኮች በተለያየ ሰዓት ወጥተው ከሆነ፣ ቀድሞ የወጣው የያዘው መረጃ አሮጌ ነው። እሱን በግድ ብትመልሱት አሮጌውና አዲሱ ይደባለቃሉ፤ ፋይሎቹም ይበላሻሉ። የትኛው ቀድሞ እንደወጣ የኮንትሮለሩ ሎግ ላይ አለ። ሎጉን ሳታነቡ ምንም አትንኩ። ኃላፊው በር ላይ ይቁም፤ ወንበር ስጡት።

የካሽ ባትሪን ማታለል

የሬይድ ካርዱ ባትሪ ሲያረጅ ካርዱ ራሱን ወደ ጥንቃቄ ይቀይራል፣ በካሽ (ዲስክ ላይ እስኪጻፍ መረጃ በሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) መጻፍ ይተዋል፤ ሰርቨሩም ይንቀራፈፋል። ይህን ያየ «ጎበዝ» ሴቲንግ ገብቶ ባትሪ ባይኖርም በካሽ ጻፍ ይለዋል። ፍጥነቱ ወዲያው ይመለሳል፣ ልጁም ይመሰገናል። መብራት በሄደ ጊዜ ካሹ ላይ የነበረው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። እኛ አገር ደግሞ መብራት ይሄድ ይሆን ተብሎ አይጠየቅም። ባትሪውን ግዙ።

ዩፒኤስን እንደ ጄኔሬተር ማሰብ

ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) የሚገዛው ሰርቨሩን በሰላም ለማጥፋት ነው። ከዩፒኤሱ ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው የዩኤስቢ ገመድ ግን በየቢሮው ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ተኝቷል። ገመዱ ካልተሰካና ሶፍትዌሩ ካልተጫነ ዩፒኤሱ የሚያደርገው የሞቱን ሰዓት ማዘግየት ብቻ ነው።

መብራት ሲመጣም አትቸኩሉ። መጥቶ፣ ሄዶ፣ እንደገና የሚመጣባቸው ጊዜዎች አሉ። ሰርቨሩ ወዲያው እንዳይነሳ ትንሽ መዘግየት ስጡት። የማሽኖቹንም ተራ ወስኑ፦ መጀመሪያ ስቶሬጁ፣ ቀጥሎ ዶሜይን ኮንትሮለሩ (የሰዎችን ሎግ ኢን የሚያረጋግጠው)፣ ከዚያ ዳታቤዙ፣ በመጨረሻ ሌላው።

ባክአፑን ከሰርቨሩ ጎን ማስቀመጥ

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ከየቢሮው ኮምፒውተርና ሰርቨር ተዘርፏል። ባክአፑ እዚያው መደርደሪያ ላይ የነበረ ሰው ሁለቱንም አጣ። ስለዚህ አንዱን ቅጂ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት አውርዶ ኮምቦልቻ ቅርንጫፍ ማስቀመጥ ጥሩ ነው፤ ለእሳትና ለሌባ ይበቃል። ያኔ ግን ሁለቱም ከተሞች በአንድ ሰሞን ነው የተነኩት። የማይተካ መረጃ ያለው ሰው ሦስተኛ ቅጂ በይለፍ ቃል ቆልፎ አዲስ አበባ ቢልክ አይቆጭም። ቅጂው እንደሚሠራም በየጊዜው አንድ ማሽን መልሳችሁ አስነሱና እዩት። «ባክአፕ ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ማሽኑ ይነሳል ማለት አይደለም።

«ደሴ ብርድ ነው፣ ኤሲ ምን ያደርጋል?»

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ያንሳል። የብዙ ዴል ሰርቨሮች መመሪያ እስከ 35 ዲግሪ ይፈቅድና ከ900 ሜትር ገደማ በላይ በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ቀንሱ ይላል። ሲሰላ ደሴ ላይ ጣሪያው 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተዘጋች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሰርቨርና ዩፒኤስ አብረው ካሉ ውጪው ቢበርድም እዚያ መድረስ አያቅታቸውም። ኮምቦልቻ ዝቅ ትላለች፣ ግን ሞቃት ናት።

ሌሎች፣ ባጭሩ

ሆስቱ ሰዓቱን ከዶሜይን ኮንትሮለሩ፣ ዶሜይን ኮንትሮለሩ መልሶ ከሆስቱ እንዲወስድ አታድርጉ። የቦርዱ ባትሪ አልቆ ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከዛነፈ ሰዎች ሎግ ኢን ማድረግ ያቅታቸዋል፤ እናንተም ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ስትፈትሹ ትውላላችሁ።

ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በ2023 ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ፕሮክስሞክስ (ተመሳሳይ ሥራ ወደሚሠራ ሌላ ሶፍትዌር) ዞሯል። ነፃው ኢኤስኤክስአይ (የቪኤምዌር የሆስት ሶፍትዌር) በ2024 ተቋርጦ በ2025 ቢመለስም የሄደው ሁሉ አልተመለሰም። ችግሩ የድሮውን ልማድ ይዞ መሄድ ነው። ዜድኤፍኤስን (የሬይድን ሥራ ራሱ በሶፍትዌር የሚሠራ የፋይል ሥርዓት) በሬይድ ካርድ ላይ አትጫኑ፤ ዲስኮቹን ራሱ በቀጥታ ማየት ይፈልጋል። ካርዱን ወደ ኤችቢኤ ሞድ (ዲስኮቹን እንዳሉ ወደሚያሳልፍበት) ቀይሩት፣ እምቢ ካለ ሌላ ካርድ ፈልጉ።

የሆስቱን ፓስዎርድና የአይፒ ዝርዝር እዚያው ሆስት ላይ ባለው የፋይል ሰርቨር ውስጥ ብቻ አታስቀምጡ። ሆስቱ ሲሞት ዝርዝሩም አይከፈትም። ወረቀት ላይ አትማችሁ ካዝና ውስጥ ቆልፉት፤ የካዝናው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለም ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።