«ገባችሁ?» ማለት እና ሌሎች ስህተቶቻችን

ጎንደር አዘዞ ውስጥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ከጎኔ ባለው ክፍል አዲስ መምህር ገብቷል። ግድግዳው ስስ ነውና ሁሉ ነገር ይሰማኛል። በየአምስት ደቂቃው «ገባችሁ?» ይላል፤ ልጆቹም ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «አዎ!» ይላሉ።

ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ ተወው። የሰባት ዓመት ልጅ «አዎ» ሲል እየዋሸ አይደለም፤ አለመረዳቱን ራሱ አላወቀም። መረዳት አንድ ነገር ነው፤ መረዳትንና አለመረዳትን ከራስ ውስጥ ለይቶ ማወቅ ደግሞ ዘግይቶ የሚመጣ ሌላ ችሎታ ነው። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤለን ማርክማን በ1977 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ለልጆች የካርድ ጨዋታ ሕግ ስታስረዳ ሆን ብላ ዋናውን ነገር ዘለለችው፤ ስለ «ልዩ ካርድ» እያወራች ልዩ የሚያደርገውን አልተናገረችም። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ቶሎ ጠየቋት። የአንደኛ ክፍሎቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍተቱን ያዩት ጨዋታውን ራሳቸው ለመጫወት ሲሞክሩ ነበር። እኔም አንድ ቀን «ወረቀቱን እንደ ትናንቱ እጠፉት» አልኩ። ትናንት ምንም ወረቀት አላጠፍንም። አርባ ስምንት ልጅ በአንድ ድምፅ «እሺ!» አለ። እርስ በርስ መተያየት የጀመሩት ወረቀቱ እጃቸው ከገባ በኋላ ነው። ስለዚህ አትጠይቃቸው፤ አሠራቸው፤ ወይም ለጎረቤታቸው እንዲያስረዱ አድርግ።

ወላጆችም ተመሳሳይ ነገር ይገጥማቸዋል። እናት ልጇን እያስከተለች ትመጣና «ሀሁን ጨርሷል» ትለኛለች። ልጁም እንደ ውሃ ያወርደዋል። ጣቴን «ቀ» ላይ ሳሳርፍ ግን ዝም ይላል፤ ወይም ከ«ሀ» ተነስቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ ይደርስበታል። የያዘው ዜማውን ነው፤ እሱ ግን ፊደሉን ያወቀ ይመስለዋል። የኔታዎች ይህን ከእኛ ቀድመው ነቅተውበታል። ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ተራው ሲፈርስ ልጁ ፊደሉን በመልኩ እንዲለየው ነው። ዘመናዊ ነን ብለን አቡጊዳን ከነገበታው ጥለን፣ ኋላ «ልጁ ማንበብ አቃተው» ብለን እንደነግጣለን።

የሚቀጥለው የራሴ ጥፋት ነው። ለዓመታት «አፍህን ዝጋ፣ በልብህ ያዝ» እያልኩ ስቆጣ ኖሬአለሁ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆን ፍላቬልና ባልደረቦቹ በ1966 እ.ኤ.አ. ለልጆች ሥዕሎች አሳይተው፣ ዓይናቸውን ጋርደው፣ ለ15 ሰከንድ ከንፈራቸውን ተመለከቱ። ከ20 የአምስት ዓመት ልጆች ስሞቹን ለራሳቸው ሲደጋግሙ የታዩት 2 ብቻ ናቸው፤ ከ20 የአሥር ዓመት ልጆች ግን 17። እኔ ረብሻ ነው ብዬ ስከለክለው የኖርኩት ገና መብቀል የጀመረውን ችሎታ ነበር። አንዲት ልጅ «ቲቸር፣ አፌን ስዘጋው ይጠፋኛል» ብላኝ ታውቃለች። እሷንም ተቆጥቻታለሁ።

ሕፃንን «ጉረኛ» ማለትም ይቅር። ፋሲል ግቢ ይዘናቸው ስንገባ በሩ ላይ «ስድስት ነገር እናያለን፤ ስንቱን ታስታውሳላችሁ?» አልኳቸው። «ስድስቱንም!» ሲወጡ የቀረላቸው የአንበሳ ቤቱ ብቻ ነበር። በዚህ ዕድሜ አብዛኛው ልጅ እንዲህ ነው፤ ደግሞም በራሱ የሚተማመን ልጅ ደጋግሞ ለመሞከር አይሰንፍም። አስቀድሞ የገመተውን ቁጥር ጽፈህ አቆይና ኋላ ከመልሱ ጋር ራሱ ያስተያየው፤ ስድብ አያስፈልገውም።

ልጁን ያጠናበትን ደብተር እንደከደነ ወዲያው መጠየቅም ያታልላል፤ ገና ከጆሮው ያልጠፋውን ያወቀው ይመስላልና ከእራት በኋላ ጠይቁት።

«አስታውስ!» ብሎ ማዘዝ ደግሞ ምንም አያስተምርም። ልጅ ወደ ሱቅ ሲላክ በርበሬ፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪት ብሎ መደርደር ብቻውን አይበቃም። ጎረቤቴ ግን ልጇን «አራት ዕቃ ነው፣ በጣትህ ያዘው» ትለዋለች። ትናንት ሦስቱን ይዞ መንገድ ከጀመረ በኋላ አንድ ጣቱ ቀረ፤ ክብሪቱን ማንም ሳይነግረው ተመልሶ ገዛ።