ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ በጥቂት ወጪ የሚሠራ የሽቦ አንቴና

በቆርቆሮ ቤት ውስጥ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ደክመው የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ ሬዲዮው ስለተበላሸ ሳይሆን ቆርቆሮው ሞገዱን ስለሚከለክል ነው፤ ስለዚህ ሌላ ሬዲዮ ከመግዛት በፊት 10 ሜትር ያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ከቤት ውጭ መዘርጋት ይመረጣል። ከአሮጌ ትራንስፎርመር የተፈታ ሽቦም ያገለግላል፤ ሆኖም ጫፉ ላይ ያለው ቫርኒሽ በምላጭ በደንብ ካልተፋቀ ከሬዲዮው ጋር አይገናኝም።

ሽቦው ከጣሪያው ከፍ ብሎ፣ ቆርቆሮውን ሳይነካ፣ በናይለን ገመድ ከዛፍ ወይም ከእንጨት ምሰሶ ጋር ይታሰር፤ በመብራት መስመር አጠገብ፣ በላዩም ሆነ በሥሩ፣ ፈጽሞ ማለፍ የለበትም። ወደ ቤት የሚገባው ጫፍ ተልጦ በሬዲዮው ተመዛዥ አንቴና ላይ ይጠመጠማል።

ሽቦ በረዘመ ቁጥር ይሻላል የሚለው ግምት ለትንንሽ ሬዲዮዎች አይሠራም፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ሞገድ ሲገባባቸው ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ይደበላለቃሉ። እንዲህ ሲሆን ልባስ ያለውን ሽቦ ሳይልጡ በአንቴናው ላይ ጥቂት ዙር መጠቅለል ይበቃል። የማያቋርጥ እዝዝታ ከተሰማ በቅድሚያ የስልክ ቻርጀሮችን መንቀል ነው። ነጎድጓድ ከመቅረቡ በፊት ግን ሽቦውን ከሬዲዮው አላቅቆ ጫፉን ወደ ውጭ ማውጣት ግዴታ ነው።