የሙያ መጽሔት አሳታሚዎች የመንግሥት ድጋፍ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በባሕር ዳር ስለ ዓሣ ሀብት፣ ስለ ንብ ማነብ ወይም ስለ ቱሪዝም የሙያ መጽሔት ለማሳተም የሚነሡ ማኅበራትና ወጣት አዘጋጆች፣ ለክልል ቢሮዎች የሚያስገቡትን የድጋፍ ጥያቄ አስቀድሜ እንዳየው ያመጡልኛል። ሐሳባቸው ብዙ ጊዜ ሊደገፍ የሚገባው ነው፤ በተመሳሳይ ስህተቶች ሲወድቅ ማየት ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የከፋው ሥራውን በታተመ ቅጂ ብዛት ብቻ መለካት ነው። ፕሮፖዛሉ ይህን ያህል ሺህ ቅጂ እንደሚታተም ይገልጽና መጽሔቱ ለማን፣ በማን በኩል እንደሚደርስ አንድ መስመር ሳይጽፍ ያበቃል። ለዓሣ አስጋሪዎች የተዘጋጀ መጽሔት በአንድ መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት ውስጥ፣ ማተሚያ ቤት ያሰረው ገመድ ሳይፈታ፣ የታችኞቹ ጥቅሎች በእርጥበት ተጣብቀው አይቻለሁ። ሞዴል 19 ተቆርጧል፣ ክፍያውም ተፈጽሟል። ይሁን እንጂ ሞዴል 19 የሚያረጋግጠው ንብረቱ ግምጃ ቤት መግባቱን እንጂ፣ በጣና ላይ የሚያሰግረው ሰው ስለ ቀረሶና ስለ አምባዛ አያያዝ የተጻፈለትን ማግኘቱን አይደለም። የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ጽሑፍ እንዲህ ለሻጋታ ሲቀር ዝም ሊባል አይገባም፤ በተከታዩ ዓመት ሌላ አዘጋጅ ሲጠይቅ እምቢታ የሚሰጠውም ያንኑ ክምር በመጥቀስ ነው። እባካችሁ እያንዳንዱ የአስጋሪዎች ማኅበር፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትና ቤተ መጻሕፍት ስንት ቅጂ እንደሚወስድና ማን ፈርሞ እንደሚረከብ በዝርዝር ጻፉ፤ ወደ ደቅ ደሴት የሚሄደው ቅጂ የሚጫንበትን የጀልባ ክፍያም በወጪው ውስጥ አስገቡ። የካናዳ መንግሥት የመጽሔት ፈንድ ለዓመታት ከአብዛኞቹ አመልካቾች በዓመት ቢያንስ 5,000 የተሸጠ ቅጂ ሲጠይቅ የኖረው ለአንባቢ መድረሱን ስለሚመዝን ነው።

ሁለተኛው በሰኔ ወር ደብዳቤ ይዞ መምጣት ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ፋይናንስ ክፍሉ ሒሳብ በመዝጋት ይጠመዳል። ጥያቄው ቢሮው የቀጣዩን ዓመት ዕቅድ በሚያዘጋጅበት ጊዜ ካልገባ፣ ኃላፊው ቢፈልግ እንኳ የሚከፍልበት የሒሳብ መደብ አያገኝም።

የቆየ ፕሮፎርማ ማያያዝም ብዙዎችን ጎድቷል። ወረቀትና ቀለም በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገቡ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ማሻሻያ ወዲህ፣ ያለፈው ዓመት ዋጋ ለዘንድሮ እትም አይበቃም።

በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የሚጠየቀውን የምዝገባ ምስክር ወረቀት ሳይዙ ማመልከት ጊዜ ማባከን ነው።

ገንዘቡ ከቢሮ ስለመጣ የኃላፊውን ፎቶግራፍ በሽፋን፣ የስብሰባ ዜናውን በውስጥ ገጾች መደርደር ደግሞ መጽሔቱን ከአንባቢው ይለየዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 5 በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዝዛል፤ ስለዚህ ስለ መረብ ዓይን ስፋት ወይም ስለ እምቦጭ ከቢሮው የተለየ አስተያየት ያለው አስጋሪ ቦታ ሊያገኝ ይገባል፤ ይህም በስምምነቱ ላይ ቢጻፍ ለአዘጋጁ መከታ ይሆነዋል።

በመጨረሻም ድጋፍ ሲባል ጥሬ ገንዘብን ብቻ ማሰብ አይገባም። ፈረንሳይ ለፕሬስ የምታስከፍለው ተጨማሪ እሴት ታክስ 2.1 በመቶ ብቻ መሆኑ ራሱ ድጋፍ ነው። በእኛ አካባቢ አንድ ቢሮ ከእያንዳንዱ እትም የተወሰነ ቅጂ ለወረዳዎቹ ለመግዛት የዓመት ውል ቢገባ፣ አዘጋጁ ከማተሚያ ቤት ጋር የሚደራደርበት አስተማማኝ ቁጥር ይኖረዋል፤ ውሉ ግን ክፍያው ከርክክብ በኋላ በስንት ቀን እንደሚፈጸም በግልጽ መወሰን አለበት።